የሚኒሶታ እዝን

ባለፈው ጥር ወር የእኅታችን ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ ከእኛ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ ሲሆን፣ ገና በጀርባ የሚታዘል ሕፃን ሳለ ከእናቱ ጋራ ወደ ሚኒሶታ ሄዶ ያደገውም የተማረውም በዚያ ነው። እናቱ፣ ማለት ታላቅ እኅታችን፣ እርሱ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው በዚያው አገር ዐርፋ በዚያው ተቀበረች። የአሁኑ መምጣቱም የእናቱን ሙት ዓመት ከአያቱ ጋራ ለማሰብ ነበር።

ሙት ዓመቱ ወጥቶ እንግዶች ከተሸኙ በኋላ፣ ማታ ቡና ሲፈላ፣ እናታችን ስንት ዓመት በሆዳቸው ይዘውት የኖሩትን ጥያቄ አወጡት። «ለመሆኑ ልጄ፣ እናትህ የሞተች ጊዜ እዝን ያመጣላችሁ ሰው ነበር?» አሉት።

ይህ ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኀዘን የገባበት ቤት ለራሱ አያበስልም፤ ጎረቤትና ዘመድ እንጀራውን በመሶብ፣ ወጡን በድስት ይዞ ይመጣል፤ ኀዘንተኛው አልበላም ቢል እንኳ እየለመነ ያጐርሰዋል። እዝን ያልመጣለት ሰው፣ ሰው የሌለው ነው። እናታችን ልጃቸው በሰው አገር መሞቷን እንደ ምንም ችለው ከተቀበሉት በኋላ፣ ሊቀበሉት ያቃታቸው ይህ ነበር፤ በሩ ተዘግቶ፣ ምድጃው ቀዝቅዞ፣ ልጁ ጦሙን ሲያድር እየታያቸው ኖረዋል።

ልጁ ጥቂት አሰበና «መጥቷል እንጂ እማዬ፤ ሆትዲሽ አመጡልን። ሳህኑ ብዙ ስለ ነበረ ማቀዝቀዣው አልበቃ ብሎ፣ ውጭው በረዶ ነውና በረንዳ ላይ ደረደርነው» አለ። እናታችን «ምንድር ነው እርሱ?» ብለው ጠየቁ። ልጁ በእጁም በአፉም ሊያስረዳ ሞክሮ አማርኛው ስላልደረሰለት «ተዪው፤ ሠርቼ አሳይሻለሁ» ብሎ ተወው።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ከዚያ ማታ የተወለደ ነው። ሳህኑ እስኪሠራ ድረስ እኛ ደግሞ በበኩላችን የዚህን ምግብ ታሪክ ስንመረምር ሰነበትን፤ ያገኘነውም ለአንባቢዎቻችን ሊነገር የሚገባው ሆኖ ታየን። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሆትዲሽ ማለት በቃሉ «ትኩስ ሳህን» ማለት ነው። በሌላው የአሜሪካ ክፍል ካሰሮል በሚል የፈረንሳዮች ስም ይጠሩታል፤ ሚኒሶታና አጐራባቾቿ ግን በራሳቸው ስም ጸንተዋል። የተፈጨ ሥጋ፣ አንድ ዓይነት አትክልት፣ እንደ ማካሮኒ ወይም ድንች ያለ የሚያጠግብ ነገር፣ ሁሉን የሚያያይዝ ወፍራም ሾርባ፣ ይህ ሁሉ ባንድ ጥልቅ ሳህን ተደራርቦ በምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ለዓይን የሚያምር ምግብ አይደለም። ቅመሙም ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ይህ ሳህን ቤቱ ብቻውን ሲሆን ይበላል፤ ዋናው ቦታው ግን ፖትላክ የተባለው የጋራ ማዕድ ነው። በዚህ ማዕድ የሚጠራ ሰው ሁሉ ከቤቱ አንድ ሳህን ይዞ ይመጣና ከሌላው ሳህን ይበላል። የሰንበቴ ማኅበርተኞች ዳቦና ጠላቸውን ይዘው በደጀ ሰላም ሲሰበሰቡ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋበትም። ቃሉ ከአሜሪካ ሕንዶች የስጦታ በዓል ከፖትላች የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን የድምፅ መመሳሰል ያመጣው ስሕተት ነው። ፖትላች ከሰሜን ምዕራብ የፓስፊክ ዳርቻ ሕዝቦች የተገኘ ሌላ ቃል ነው። ፖትላክ ግን በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የነበረ ሲሆን «የድስት ዕድል» ማለት ነው፤ ይኸውም ሳይጠራ የደረሰ እንግዳ በድስቱ የተገኘውን ይብላ ለማለት ነው። የብዙዎች መዋጮ የሚለውን ትርጉም ያገኘው በኋላ ነው።

ሚኒሶታ በ1858 ዓመተ ምሕረት የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ስትሆን መሬቱን የሚያርሱት ከኖርዌይ፣ ከስዊድንና ከጀርመን የፈለሱ ገበሬዎች እየበዙ ሄዱ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የማርቲን ሉተርን ትምህርት የሚከተሉ ናቸው፤ በአገራችን በ1959 የተቋቋመችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም የዚሁ ወገን ናት። በየገጠሩ የተሠሩት የእነዚህ ሰዎች ቤተ ክርስቲያኖች ከምድር በታች አዳራሽና ወጥ ቤት ነበራቸው፤ ሠርግ ሲሆን፣ ቀብር ሲሆን፣ ሕዝቡ ወርዶ የሚበላው በዚያ ነው። ክረምቱ ጽኑ ነው፤ መንገዱም ሩቅ። እንግዲህ ከቤት ተሠርቶ በሠረገላ፣ ኋላም በአውቶሞቢል ሲሄድ የማይፈስ፣ ቶሎ የማይቀዘቅዝ፣ ቢቀዘቅዝም እንደ ገና ቢሞቅ የማይበላሽ፣ ባንድ ማንኪያ ተጨልፎ ለብዙ ሰው የሚዳረስ ምግብ ያስፈልግ ነበር። ሆትዲሽን የወለደው ጥበብ ሳይሆን ይህ ችግር ነው።

ወጥ ቤቱን የያዙት «የሴቶች መረዳጃ» የተባሉት ማኅበሮች ነበሩ። በብዙዎቹ አጥቢያዎች ሴቶች በጉባኤ ድምፅ የመስጠት መብት አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ጣራው ሲያፈስ፣ ዕዳ ሲጠየቅ፣ ገንዘቡ የሚገኘው ከእነርሱ ሣጥን ነበር። ገንዘብ ከሚያገኙበት ብልሃት አንደኛው የምግብ አሠራር መጽሐፍ እያሳተሙ መሸጥ ነው። ይህ ልማድ ከእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው፤ በ1864 በፊላደልፊያ ማሪያ ሞስ የተባለች ሴት ያዘጋጀችው የምግብ መጽሐፍ ለቈሰሉ ወታደሮች መርጃ ተሸጦ ነበር። በየመጽሐፉ እያንዳንዷ ሴት የራሷን ሙያ ትሰጣለች፤ ከሥሩም ስሟ ይጻፋል። ስሟ ስንል ግን የባሏ ስም ማለታችን ነው፤ «ወይዘሮ የእገሌ» ተብሎ የሚቀር ነውና፣ ዛሬ የእነዚያን ባለሙያዎች ታሪክ ልጻፍ የሚል ሰው የሚያገኘው የባሎችን መዝገብ ነው።

እስካሁን ከሚታወቁት የሆትዲሽ ጽሑፎች ቀደምት የሆነው የተገኘው እንዲህ ካለ መጽሐፍ ነው። በ1930 በሚኒሶታ በማንኬቶ ከተማ የግሬስ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ያሳተሙት ነው። የተፈጨ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ሰለሪ፣ የቆርቆሮ አተር፣ የቆርቆሮ የቲማቲም ሾርባና በሚኒያፖሊስ የሚሠራ ማካሮኒ እንዲቀላቀል ያዛል። ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት የጀመረበት ነው። ጥቂት ሥጋ በማካሮኒ ተዘርግቶ ብዙ ቤተ ሰብ እንዲያጠግብ የታሰበ መሆኑን ማንም ሊያስተውለው ይችላል። አንባቢ ግን ከዚህ ይልቅ «የቆርቆሮ» የሚለውን ቃል ልብ ይበል፤ ከገጠር ገበሬ ሚስት ማዕድ ላይ ፋብሪካ ተቀምጧልና።

የቆርቆሮውን ነገር በጥቂቱ ማስረዳት ይገባናል። ምግብን በዕቃ አሽጎ አፍልቶ ማቆየትን ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ለዓለም የገለጠው በ1810 ሲሆን፣ ስለዚሁ ከመንግሥቱ 12,000 ፍራንክ ሽልማት አግኝቷል። በአሜሪካ በ1869 ጆሴፍ ካምቤል የተባለ የፍራፍሬ ነጋዴ ከአብርሃም አንደርሰን ጋራ ሆኖ በኒው ጀርሲ በካምደን ከተማ አንድ የማሸጊያ ቤት አቋቋመ። ድርጅቱን ታላቅ ያደረገው ግን ጆን ዶራንስ የተባለ ወጣት የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ይህ ሰው በጀርመን አገር በጌቲንገን ተምሮ ከመጣ በኋላ በ1897 አንድ ቀላል ነገር አሰበ። ሾርባ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ በየቤቱ አለ፤ ታዲያ ውሃን በቆርቆሮ ሞልቶ በባቡር ማመላለስ ለምንድር ነው? ውሃውን ቀንሶ ወፍራሙን አሸገ፤ ጣሳው አነሰ፤ ዋጋውም ዐሥር ሴንት ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር ስንሰማ እጅግ ደስ ይለናል፤ ታላላቅ ለውጦች አንዳንድ ጊዜ የሚመጡት አንድ ነገር በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነውና።

ይኸው ድርጅት በ1934 የእንጉዳይ ክሬም ሾርባ የተባለውን አወጣ። የቤት እመቤቶች ይህን ሾርባ መጠጣቱን ትተው ማብሰያ አደረጉት። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ነጩን የፈረንሳይ ስልስ ለመሥራት ዱቄቱን በቅቤ ማቁላላት፣ ወተቱን ጠብ እያደረጉ ማማሰል፣ ጓል እንዳይቋጥር መጠበቅ ያስፈልጋል። ጣሳው ከተከፈተ ግን ስልሱ ተሠርቶ አልቋል። በሚኒሶታ ይህን ሾርባ በቀልድ «የሉተራን ማያያዣ» ይሉታል። ድርጅቱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ በራሱ ወጥ ቤት ባለሙያ ሴቶችን ቀጥሮ ሾርባው የሚገባባቸውን ምግቦች ያስፈልስፍ ጀመር። በ1955 ዶርካስ ራይሊ የተባለችው ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዷ የፎሶሊያ ካሰሮልን አወጣች፤ ፎሶሊያ፣ የእንጉዳይ ሾርባ፣ ወተት፣ ጥቂት የአኩሪ አተር ስልስ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከላይም የተጠበሰ ሽንኩርት ነው። ዛሬ በምስጋና በዓላቸው ቀን ይህ ሳህን የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው። ባለሙያዋ በ2018 በ92 ዓመቷ ስታርፍ ጋዜጦች ሁሉ ጻፉላት። የባሏ ስም ብቻ ከቀረላቸው ከእነዚያ ሴቶች ይልቅ እርሷ እድለኛ ነበረች።

በመካከል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አለ። በመጋቢት 1943 መንግሥቱ በመጀመሪያ የቆርቆሮን ምግብ፣ ቀጥሎም ሥጋን በኩፖን እንዲሸጥ አደረገ። ሥጋን ከሌላ ነገር ጋራ አብዝቶ መሥራት የድኻ ነገር መሆኑ ቀርቶ የዜግነት ግዴታ ሆነ። ኩፖኑ ካበቃም በኋላ ልማዱ አልቀረም።

ስለ ሳህኑ ራሱም አንድ ነገር እንበል። ቀድሞ መጋገሪያው ሸክላ ወይም ብረት ነበር። በ1913 ቤሲ ሊትልተን የተባለች ሴት መጋገሪያዋ ቢሰበርባት፣ ባሏ በኒው ዮርክ ግዛት በኮርኒንግ የመስተዋት ፋብሪካ ሊቅ ነበረና ከዚያ የሚሠራውን እሳት የሚችል መስተዋት እንዲያመጣላት ጠየቀችው፤ ከባትሪ ዕቃ የተቆረጠ ቂጥ አመጣላትና ኬክ ጋገረችበት። ፋብሪካውም በ1915 ፓይሬክስ ብሎ ለገበያ አወጣው። ምግቡ የበሰለበት ዕቃ ራሱ ከማዕድ የሚቀርብ፣ ራሱ ወደ ጎረቤት የሚሄድ ሆነ። ሁሉም ሳህን ግን አንድ ዓይነት ስለ ሆነ፣ ማዕዱ ሲነሣ የማን እንደ ሆነ ለመለየት ሴቶቹ ከሳህኑ ሥር ፕላስተር ለጥፈው ስማቸውን መጻፍ ለመዱ።

የመጨረሻው ነገር ድንቹ ነው፤ ልጃችን ከሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰውም እርሱን ነው። በ1952 ግሪግ የተባሉ ወንድማማቾች በኦሪገን ግዛት፣ በአይዳሆ ድንበር አጠገብ፣ ድንች ቆርጦ የሚያቀዘቅዝ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ የሁለቱን ግዛቶች ስም አጣምረውም ኦር አይዳ አሉት። ድንቹ ለመጥበሻ በረጅሙ ሲቆረጥ የሚቀረው ቁርጥራጭ ለከብት ይሰጥ ነበር። በ1953 ይህን ቁርጥራጭ ከትፈው፣ ዱቄትና ቅመም ጨምረው፣ በቀዳዳ እያስወጡ እንደ ትንንሽ በርሜል ቅርጽ ሰጡትና ጠበሱት፤ ቴተር ቶት ብለውም በ1956 ለሱቆች አቀረቡት። ከዚያ በኋላ የሚኒሶታ ሴቶች በሆትዲሹ ላይ ከዳር እስከ ዳር በሰልፍ ይደረድሩት ጀመር።

እንግዲህ ሒሳቡን ስንሠራ የሚያስቅም የሚያስገርምም ነገር ገጠመን። ልጁ «የጥንት የአገሩ ምግብ» ብሎ የሚያስበው ሳህን፣ ከአጠገቡ ተቀምጠው ከሚያዳምጡት ከአያቱ በዕድሜ ያንሳል! ሾርባው የነጋዴ ፈጠራ፣ ድንቹ ለላም የታሰበ ትራፊ፣ ሳህኑ የባትሪ ዕቃ ዘመድ ነው። እንዲህ ያለውን ምግብ የሚንቁ ብዙ የምግብ ሊቃውንት በዚያው በአሜሪካ አሉ። እኛ ግን ከእነርሱ ጋራ አንስማማም። የአንድን ምግብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ዕድሜውን ብቻ ከጠየቀ ግማሹን ጥሎ ሄዷል፤ ከየት ቤት ወደ የት ቤት ተወሰደ፣ በምን ቀን፣ በማን እጅ የሚለውም የታሪክ ጥያቄ ነው። የስደተኞች ሕግ በ1980 ከጸና ወዲህ አሜሪካ የተቀበለቻቸውን ስደተኞች በማስፈር በኩል የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያንም ሚኒሶታን መኖሪያቸው አድርገዋል። እኅታችንም እንደ ደረሰች ብርድ ልብስና ድስት ያመጡላት ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የመጡ አሮጊቶች መሆናቸውን ያን ጊዜ በደብዳቤዋ ጽፋልን ነበር። እኛ ገና የዐሥር ዓመት ልጅ ስለ ነበርን፣ ደብዳቤውን ለእናታችን ጮኸን ስናነብ ይህን ቦታ ዘለነው፤ የሚፈለገው የበረዶው ወሬ ነበር።

ወደ ምግቡ እንመለስ። የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግነው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሾርባውን በጣሳ መግዛት ለምን ያስፈልጋል፤ ከጥሬው ብንሠራው የተሻለ ይሆናል ብለን ተማመንን። ትኩስ እንጉዳይ ገዝተን፣ በቅቤ አቁላልተን፣ በዱቄትና በወተት አወፈርነው። ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ከሽንኩርት ጋራ ተጠበሰ፤ ፎሶሊያው ተቀቀለ። ድንቹን በግማሽ ቀቅለን፣ በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቀን፣ በእጃችን እያድበለበልን ጠበስነው፤ ይህ ብቻውን ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ሁሉን ደራርበን በኤሌክትሪክ ምድጃ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ጋገርነው። ከቤተ ሰቡ ያልወደደው አልነበረም። ልጁም በልቶ አመሰገነና፣ ማንኪያውን አስቀምጦ ቀስ ብሎ «በጣም ጥሩ ነው ጋሼ፤ ግን እርሱ አይደለም» አለን።

መቀየማችንን አንሸሽግም። ሲቆይ ግን ነገሩ ገባን። ልጁ የሚፈልገው እንጉዳይ አይደለም፤ በፋብሪካ ስታርችና በአትክልት ዘይት የተያያዘ፣ ጨው የበዛበት፣ እንጉዳዩ ከጥርስ ሥር የሚጠፋ ሾርባ ነው። እኛ ያሻሻልን መስሎን ምግቡን ሌላ አድርገነው ነበር። ስለዚህ ከውጭ አገር ዕቃ የሚሸጥባቸውን ሱቆች ስንዞር ሰንብተን አንድ ጣሳ አገኘን። ዋጋውን ለእናታችን አልነገርናቸውም።

ሁለተኛው ሙከራ በቅበላ ዕለት ሆነ። ሌላው ቤት ክትፎውን ሲያሰናዳ እኛ ጣሳ ከፈትን። ልጁ ማንንም ሳያስነካ ድንቹን ከዳር እስከ ዳር በመስመር ደረደረ፤ አንዱ መስመር ቢጣመምበት አንሥቶ እንደ ገና አስተካከለው። ሳህኑ ከምድጃ ሲወጣ ገና ሳይቀምስ፣ ሽታው ሲደርሰው ፊቱን ወደ መስኮት መለሰ። እኛም ሌላ ሥራ ያለን መስለን ወደ ጓዳ ገባን።

እናታችን ሁለት ማንኪያ በልተው «ጨው በዝቶበታል» አሉ። ሦስተኛውን ጐርሰው ደግሞ «ለለቅሶ ቤት ግን መልካም ነው፤ ማኘክ አያስፈልገውም» አሉ። ቀጥለውም ስንት ሳህን እንደ መጣ ጠየቁት፤ ልጁ በጣቱ እየቈጠረ ዐሥራ አራት አደረሰ። ማን ማን እንዳመጣ ጠየቁት፤ ከሳህኑ ሥር የነበሩትን ስሞች እየጠራ ነገራቸው፤ እርሳቸውም ለአፋቸው የማይመቸውን ስም ሁሉ እየተከተሉ ደገሙት። «ሳህኑስ ተመለሰ?» አሉ።

«ከአባቴ ጋራ በየቤቱ እየዞርን መለስን፤ አንዱ ብቻ ቀረ። ፕላስተሩ ታጥቦ ለቆ ስለ ነበረ የማን እንደ ሆነ አላወቅንም። እስካሁን ቤታችን አለ» አላቸው።

እናታችን ዝም ብለው ቈዩ። ልጁ በማግስቱ ሊሳፈር ስለ ነበረ፣ በርበሬውና ሽሮው ተቋጥሮ ከሻንጣው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና ሌላ ትንሽ በርበሬ በላስቲክ ለብቻው ቋጥረው ይዘው ወጡ። «ባለቤቷ የተገኘች እንደ ሆነ ባዶውን እንዳትመልስላት» ብለው በልጁ እጅ አስያዙት።